የይፋት ቆላ የቤት ጥብስ፦ ከፊዚክስ፣ ከታሪክና ከባልና ሚስት አንጻር

በይፋት ቆላ ጥብስ ይጠበሳል። ይህን የካደ የለም፤ ያጠናም የለም። ስለ ቀወት ማሾ ይጠናል፣ ስለ ሸዋሮቢት ሽንኩርት ይጠናል፣ ስለ ወባው ይጠናል፤ ስለ ሮቢ ወንዝ መስኖም ዎርክሾፕ አይጠፋም፣ አበል አለው። እሑድ ቀትር ላይ ከየግቢው የሚነሣው የጥብስ ጭስ ግን አንድም ባለሙያ ሳይመዘግበው ሽቅብ ይበተናል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። ክፍተት ልሙላ ሳይል የተጀመረ ጥናት አይተን አናውቅምና እኛም ወጉን ጠብቀናል።

ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ አገሩ ሁሉ በሽንኩርቷ፣ በሙቀቷና በማረሚያ ቤቷ የሚያውቃት ከተማ ናት። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ ያልፍና ወደ ታች ይወረወራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያኖራል፤ አርማንያ ላይ ኮቱን ያወልቃል፤ ሸዋሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን በሁለት ጣቱ ከደረቱ ነጥሎ ያራግባል። ዋሻው ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ሲሆን ከተማዋ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንባቢ ይህን ቁልቁለት ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን። ለጥብሱ ያስፈልጋል።

ለጥናቱ ምክንያት የሆነው ክስተት እንዲህ ነው። አንድ የከተማው ጎልማሳ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ስቴክ በላ። መዳፍ የሚያህል፣ ሁለት ጣት የሚወፍር፣ በሹካና በቢላ የሚበላ ሥጋ ነበር። አገሩ ሲመለስ ይህንኑ በቤቱ ለማየት ወሰነ። ቅዳሜ ማለዳ፣ በሬው ከታረደ ብዙም ሳይቆይ፣ ከልኳንዳ ቤት ጥሩ ሽንጥ አስመዝኖ ገዛ፤ ትኩስነቱ እንዳያልፍበትም በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። በማግሥቱ አወጣና ለሚስቱ ሰጣት።

«አትክተፊው» አለ። «እንዳለ ጣል አድርጊው።»

«እንዳለ? ማን ሊበላው?»

«እኔ።»

«በቢላ እየቆረጥክ? በገዛ ቤትህ?»

ጣል አደረገችው። ሥጋው በውጭ አረረ፣ በውስጥ ጥሬ ቀረ፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ጠፍር ሆነ። ባልየው ልኳንዳውን ወቀሰ፤ የልኳንዳው ሰው ሚስቲቱን ወቀሰ፤ ሚስቲቱ ሆቴሉን ወቀሰች። ይህ ጥናት ከሦስቱም ወገን ገለልተኛ ሆኖ እውነተኛውን ጥፋተኛ ይፈልጋል።

ቀዳሚ ጽሑፎችን መቃኘት የሊቅነት ግዴታ ስለሆነ ቃኝተናል። ይፋት ስለ ራሱ የተጻፈለት አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የዘይላን የንግድ መንገድ ይዞ ገዝቶታል፤ የሱልጣኔቱን የድንጋይ ከተሞች፣ ኖራንና አስበሪን የመሰሉትን፣ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በቅርብ ዘመን አጥንተዋቸዋል። ከፍርስራሾቹ መካከል መጥበሻ በተለይ ይፈለግ የሚለው ሐሳባችን ገና ምላሽ አላገኘም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ ካይሮ ተቀምጦ ስለ ይፋት ጽፏል፤ እህሉንና ከብቱንም ጠቅሷል። አገሩን ሳይረግጡ ስለ አገሩ ሪፖርት የማቅረብ ልማድ በዚያው ቀርቷል ማለት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1332 አፄ አምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረ ዲን ጋር ሲዋጉ ዜና መዋዕሉ ስለ ጫት ተክል ሳይቀር አስፍሯል፤ ስለ ጥብስ በሁለቱ ነገሥታት መካከል የተነሣ ጠብ ግን አላገኘንም። ምናልባት የተስማሙበት ብቸኛው ጉዳይ እርሱ ይሆናል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አክሱም አካባቢ መንገደኞች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ሲል የቁራጩን ውፍረትና ርዝመት ያነጻጸረው ከአገሩ ስቴክ ጋር ነበር። ለንደን አላመነችውም። ስቴክ የሚባል ነገር ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዞ በጽሑፍ የገባው እንግዲህ በዚህ አኳኋን ነው፤ እሳት ሳይነካው። ከዚያ በኋላ በ1841 ሻለቃ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋቷ የአርጎባ የንግድ ከተማ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ። ሲመለስ ሦስት ቅጽ ጻፈ። ከሦስቱ ቅጽ ጥብስ መጥበስ የተማረ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ ከበሬው፣ መጀመር ግድ ሆነ።

በይፋት በሬ ሁለት ሥራ አለው፤ መበላት ሁለተኛው ነው። ጤፉንና ማሽላውን ሲያርስ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም አገዳና ፋጉሎ ቀርቦለት ይደልባል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ይወጣል። ስቴክ የተፈለሰፈባቸው አገሮች ከብት ግን ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው የሚታረድ፣ ቀንበር ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚያልፍ ፍጡር ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጡንቻን ከጡንቻ በሚያያይዘው ኮላጅን በሚባለው ነገር ላይ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ኮላጅኑ እርስ በርሱ ይተሳሰራል፤ የሚፈታውም በእርጥብ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ብቻ ነው። ቅቅል የሚባለው ምግብ በዚህ መሠረት የተገኘ ሲሆን፣ ለአረጀ በሬ የሚገባውን ክብር የሚሰጠውም እርሱ ነው። ጥብስ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ኮላጅንን መፍታት ካልተቻለ ቀሪው መሣሪያ ቢላ ነው፤ የሥጋውን ክር በአግድም እያቋረጡ፣ የአውራ ጣት አንጓ እስኪያህል ማሳነስ። ሚስቲቱ «እንዳለ?» ስትል የተሟገተችለት የዐሥር ዓመት አራሽ በሬን በዐሥር ደቂቃ ለመብላት የሚያስችለውን ብቸኛ ቴክኒክ ነበር። ባልየው ግን ያየው እንደ ኋላ ቀርነት ነው።

ከበሬው አካል በሥራ ፈትነት የሚታወቅ አንድ ጡንቻ አለ፦ ጭቅና። ወገብ ሥር ተጋድሞ ይኖራል፤ ሌሎቹ ሲጎትቱ እርሱ አይጎትትም። እጅግ የሚወደደውም፣ በውድ የሚሸጠውም እርሱ ነው። ከዚህ የሚገኘውን የግብረ ገብ ትምህርት ለልጆች ባንነግር ይሻላል።

ጭቅና ካለ ስቴክ ለምን በየቤቱ አልተስፋፋም? የዚህ ጥናት አንዱ ግኝት መልሱን ከማዕድ ቤት ውጪ ያገኘ መሆኑ ነው፤ መልሱ ቅርጫ ነው። በቅርጫ ሥርዓት በሬው ሲታረድ ሽንጡም፣ ዳቢቱም፣ ፍሪምባውም፣ ሻኛውም፣ ጉበቱና ጨጓራውም በመደቡ ቁጥር ይከፋፈላል። እያንዳንዱ መደብ ላይ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደረጋል፤ ዓይኑ የሰላ ሽማግሌ ቆሞ «ከዚያ ላይ አንሣና እዚህ ጣል» ይላል፤ በመጨረሻ ዕጣ ይወጣል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ስምንት ሰው የተካፈለው ጭቅና ስቴክ አይሆንም። ሙሉ ጭቅና ለአንድ ሰው የሚሰጥ ዕጣ የለም፤ ቢኖርም በሚቀጥለው ትንሣኤ ቅርጫው አይኖርም። እኛ እንደምናየው ስቴክ ከጎረቤቱ ጋር በሬ የማይካፈል ሕዝብ ምግብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በይፋት ሥጋው የደቀቀው ድስት ላይ ሳይደርስ፣ ኮባ ቅጠል ላይ እያለ ነው።

የልኳንዳ ቤት ግብይት ከዚህ ይለያል። ደንበኛው መምረጥ ይችላል፣ ወይም እንደሚችል ይሰማዋል።

«ጋሼ፣ ከምኑ ላድርግልዎ?»

«ከሽንጡ አድርግልኝ። አጥንት እንዳታበዛ።»

«ጋሼ፣ አጥንት የሌለው በሬ ገና አልመጣልንም።»

«ይሁን እንግዲህ። ምርቃቷን እንዳትረሳ።»

ምርቃቷ አጥንት ናት። ደንበኛው ከሚዛኑ ላይ ያስነሣውን አጥንት በምርቃት ስም ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። ይህን ክንውን የምጣኔ ሀብት ሰዎች እንዲያዩት ትተን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰዓት እንለፍ።

ከብት ሲታረድ ጡንቻው እኩል አይሞትም። ውስጡ የቀረውን ጉልበት እየበላ ለጥቂት ሰዓታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጉልበቱ ሲያልቅ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ሥጋው ይጠጥራል፤ እንደ ሙቀቱ መጠን ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። እንደገና የሚለሰልሰው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው፤ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች መቆላለፊያውን ቀስ እያሉ ይፈቱታል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥሩ ስቴክ የሚሸጡ ሰዎች ሥጋውን ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ባለው ክፍል ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚያቆዩት ለዚህ ነው። በሸዋሮቢት ግንቦት ሥጋ ሁለት ሳምንት ቢሰቀል የሚመጣው ስቴክ ሳይሆን የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ነው።

ቁርጥ በጠዋት የሚበላበት ምክንያት ከዚህ ግልጽ ይሆናል። ገና ሞቅ ያለ፣ ገና ያልጠጠረ ሥጋ ያለ እሳትም ለጥርስ ይመቻል። አባቶቻችን የጡንቻ ባዮኬሚስትሪ ሳይማሩ የደረሱበት ሰዓት ትክክለኛ ነው። የኮሶ ትሉን ነገር እዚህ አናነሣም፤ ኮሶ ደጋ ላይ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን ጥሬ ሥጋ ግን ከፍታ አይመርጥም ብለን ብቻ እናልፋለን።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ ሁለት የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች፣ ኒውዚላንድ ማለት ሥጋ እያቀዘቀዘች ባሕር ማዶ የምትሸጥ አገር ናት፣ የበሬ ጡንቻ ከታረደ በኋላ በተለያየ ሙቀት ውስጥ ምን እንደሚሆን ለኩ። ገና ያልጠጠረ ሥጋ ቶሎ ወደ ብርድ ሲገባ ይኮማተራል፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ርዝመቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ይህ የተኮማተረ ሥጋ ሲበስል እጅግ ጠጣር ነው። ከአጥንቱ የተለየው ደግሞ ወጥሮ የሚይዘው ስለሌለ የባሰ ይኮማተራል። እንግዲህ በትንሣኤ ማለዳ ከቅርጫ ቦታ ትኩስ መደቡን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ላቡን እየጠረገ ደርሶ፣ ቀጥታ ፍሪዘር የሚከት አባወራ ምን እያደረገ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በሬው በሕይወት ዘመኑ ያላገኘውን ጥንካሬ በሞቱ እየሰጠው ነው።

ጥፋተኛው ተገኘ፤ በዕቁብ ገንዘብ የተገዛው ፍሪጅ ነው። ልኳንዳው ነጻ ነው፣ ሚስቲቱም ነጻ ናት፣ ሆቴሉም ነጻ ነው። ባልየው ውሳኔው ሲነገረው ፍሪጁን ከማማት ይልቅ ልኳንዳውን ማማት እንደሚቀለው ገልጿል፤ የመጨረሻው ዕጣ ገና አልተከፈለም። ፍሪጅ የሌለው ጎረቤቱ ያንኑ ሥጋ በዚያኑ ቀን ከትፎ፣ ጠብሶ፣ የተረፈውን ዘልዝሎ በርበሬ ለውሶ ገመድ ላይ ሰቅሎታል፤ በዚያ አገር ፀሐይና ነፋስ ቋንጣ በጥቂት ቀናት ይደርሳል። መብራት በጠፋበት ሳምንት ፍሪጅ ያለውና የሌለው እኩል ጥሩ ጥብስ እንደሚበሉም ከላይ ካለው ንድፈ ሐሳብ ይከተላል። ይህን ግኝት የሚመለከተው አካል እንደ ማስተባበያ እንዳይጠቀምበት እንሰጋለን።

እነዚያው ሁለት ተመራማሪዎች ሥጋ በትንሹ የሚኮማተርበትን ሙቀት ለክተዋል፦ ከ14 እስከ 19 ዲግሪ። ይህ የሸዋሮቢት ጥላ አይደለም፤ ቀን 30 ዲግሪ ማለፍ በዚያ ዜና አይሆንም። ነገር ግን ደብረ ሲና ላይ በሩ ገርበብ ብሎ የተተወ ጓዳ ማለት ነው። በዚህ ነጥብ ደጋ ቆላን አሸንፏል፤ የጥናቱን ገለልተኛነት ለማሳየት ስንል ጽፈነዋል።

ቆላ የሚያሸንፈው ድስቱ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ልብ እንዲሉልን የጠየቅነውም ለዚህ ነበር። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 300 ሜትር ያህል በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሸዋሮቢት ላይ 96 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 91 አካባቢ ነው። ይህ ለጥብስ ምን አገባው ቢባል፣ ሥጋ ራሱ አብዛኛው ውሃ ነው። የተከተፈ ሥጋ ድስት ሙሉ ሲጣል ውሃውን ይለቃል፤ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ፈቀቅ አይልም። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ ጥብስን ጥብስ የሚያሰኘው ቡናማ ቀለምና ሽታ በደንብ የሚጀምረው 140 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ96 ዲግሪ ተነሥቶ 140 መድረስ ከ91 ተነሥቶ ከመድረስ በ5 ዲግሪ ይቀላል። ቆላ ይመራል። ሁለቱም ግን ውሃው ካልጠፋ የትም አይደርሱም፤ ቅቅል ሠርተው ጥብስ ብለው ያቀርባሉ።

እናቶች «ሥጋው ውሃውን እስኪጨርስ» የሚሉት ይኸው የማያር ድንበር ነው። ድምፁን ሰምተው ያውቁታል፤ ፍልቅልቅ ይል የነበረው ድስት ድምፁን ቀይሮ ቸስ ቸስ ማለት ሲጀምር ቅቤው ይገባል። መፍትሔውም ይታወቃል፤ ሥጋውን በትንሽ በትንሹ፣ ድስቱ በደንብ ግሎ ሳለ መጣል። በተግባር ግን ድስቱ አንድ ነው፣ እንግዳው ስምንት ነው፣ ከሰሉም ሊያልቅ ነው። ሳይንስ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ጀርመናዊው ሊቢሽ በ1840ዎቹ ሥጋን መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት መምታት ጭማቂውን ውስጥ ያሽግበታል ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ኋላ ሲለካ ምንም እንደማያሽግ ታወቀ። ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ በየወጥ ቤቱ ይነገራል፤ ጀርመናዊውን የሚያውቀው ባይኖርም።

ስለ ሽንኩርት ሁለት ወገን አለ። አንዱ ሽንኩርቱን ከሥጋው በፊት ያቁላላል፤ ሌላው መጨረሻ ላይ ይጥልና ገና እየተንኮሻኮሸ ያወርደዋል። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከሥጋው ጋር እኩል መጣል የውሃውን ችግር ያባብሳል፤ ፊዚክስ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። ሸዋሮቢት ላይ ግን ጉዳዩን የሚወስነው ፊዚክስ አይደለም። ምርቱ ደርሶ ሽንኩርት በየመንገዱ ዳር በጆንያ ቆሞ ገዢ ሲያጣ፣ ጥብሱ ቀስ በቀስ በሥጋ የታጀበ ሽንኩርት ይሆናል፤ ሽንኩርት ሲወደድ ደግሞ ሥጋው በድንገት ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ ቤተሰቡም ተሻሽሏል ይላል። የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት በሁለቱም ወገን ዘንድ ስምምነት አላቸው። ቅቤ ከ32 ዲግሪ በላይ መቅለጥ ስለሚጀምር በሚያዝያ ቅቤ ማቅለጥ የሚባል ሥራ በዚያ አገር የለም፤ ቀልጦ ይጠብቃል።

ሰንበቴ እሑድ በሚቆመው ገበያ ስለሚወርደው የቆላ ፍየል ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። የፍየል ጥብስ ግን ከአጥንቱ ጋር ስለሆነ ከስቴክ ጋር ለማነጻጸር አይመችም፤ በዚያ ላይ ተወዳዳሪ የለውም የሚለው አስተያየት በጥናት ሊደገፍ የሚችል ስላልሆነ ትተነዋል። የለውም።

የንጽጽር ጥናት ለማድረግ ይፋትን የሚያህል ቦታ አልነበረም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ገበያ በሬ ይገዛል፣ ከአንድ ማሳ ሽንኩርት ያወጣል፣ በአንድ ዓይነት ድስት ይጠብሳል። የሚለየው ሲታረድ የሚጠራው ስም ነው። ሠርግ ሲሆን ደጋሹ ሁለት ያርዳል፤ ለጎረቤቶቹ የራሳቸው አራጅ፣ የራሳቸው ወጥ ሠሪ፣ የራሳቸው ዳስ ይዘጋጃል፤ ሁለቱም ወገን ሲጨርስ «አጥግቦናል» ብሎ ይመርቃል። ሁሉም ነገር እኩል ሆኖ አንድ ነገር ብቻ የተለየበት እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንኳ አይገኝም። ችግሩ ሁለቱንም ቀምሶ የሚፈርድ ዳኛ አለመኖሩ ነው። ቢገኝም ከሁለቱም ወገን ምስክርነቱ ተቀባይነት የለውም። መረጃ የመሰብሰቢያው ጊዜም ጠባብ ነው፤ የክርስቲያኑ ናሙና ዐቢይ ጾሙን 55 ቀን ጨምሮ በዓመት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜ ስለ ሥጋ መጠየቅ አይወድም፤ የሙስሊሙ ናሙና በረመዳን ቀን ቀን መጠየቅ ነውር ነው፤ በአረፋ ደግሞ ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍሎ ለድኻና ለዘመድ ሲያዳርስ ይውላልና ጊዜ የለውም።

ስለ ሰው ጠባይ ስንመጣ ጥናቱ ከባድ ግኝት ላይ ደርሷል። ጥብስ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ የሚፈልገው አለመነካትን ነው። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ሥጋው የድስቱን ቂጥ ነክቶ ሲቆይ ብቻ ነው። ሆኖም በዚህች ቅጽበት፣ በሚያስገርም ትክክለኛነት፣ ባልየው ወደ ማዕድ ቤት ይመጣል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

መክደኛውን ያነሣል፤ ያያል፤ ማማሰያውን ይዞ አንድ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ «ሸተተ እኮ» ብሎ ይሄዳል። እንፋሎቱ መክደኛው ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ጠባይ በሃይማኖት፣ በትምህርት ደረጃም ሆነ በከፍታ አይለይም። ባልየው ራሱ «ዛሬ እኔ ልጥበሰው» ባለበት ቀን ግን መክደኛውን የሚከፍትበት ሰው የለምና ጥብሱ የተሻለ ይሆናል፤ ይህንንም ለሦስት ወር ያወራል። የማዕድ ቤቱ ዕቃ በሙሉ በዚያ ቀን ታጥቦ እንደሚያድር ማንም አልመዘገበም።

የአበሳሰል ደረጃን በተመለከተ የሆቴሉ ስቴክ በቴርሞሜትር ይለካል፤ 54 ዲግሪ ላይ ቀላ ያለ፣ 71 ላይ የበሰለ ይባላል። በይፋት ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ ለስለስ ያለና ደረቅ አለ፤ መለኪያው የቤቱ ሽማግሌ ጥርስ ነው። አያት ካሉ ለስለስ ያለ ይጠበሳል። ይህ ከቴርሞሜትሩ የበለጠ ትክክል ነው፤ ቴርሞሜትሩ ማን እንደሚበላ አያውቅም።

በመጨረሻ ስለ ጣዕም ምስክርነት መሰብሰብ ነበረብን። ማዕዱ ላይ የተቀመጡት፣ አባወራው፣ ወንድሙ፣ ሁለት እንግዶች፣ በቂ አስተያየት ሰጥተዋል፤ አንዱ ጨው አነሰው ብሏል፣ ሌላው የዱሮ ሥጋ ቀረ ብሏል። አስተያየቱን ይዘን ወደ ማዕድ ቤት ገባን። ሚስቲቱ ባዶውን ድስት በጉልበቷ መካከል ይዛ ተቀምጣለች። ድስቱ ቂጥ ላይ ጠቁሮ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ሽንኩርት ተጣብቆበት የቀረ ነገር አለ፤ ማያር በ1912 የገለጸው ሁሉ የተሰበሰበው እዚያ ነው። በእንጀራ እየጠረገች ትጎርሳለች፤ ከጎኗ የተቀመጠችው ሕፃን ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ይህ ለምን ማዕድ ላይ አልቀረበም?» ብለን ጠየቅን።

«ያረረ ነው፤ ለሰው አይቀርብም» አለች፣ ሌላ ጉርሻ እየጠቀለለች።